የአባቴ ልብ፣ መድኃኒቱና ኮሶው

አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያንን ውሸት በወጉ ለማውራት ግን ከልቡ መነሳት አለብኝ፤ ከልቡ ወደ መድኃኒቱ፣ ከመድኃኒቱ ወደ ኮሶው። ልጆቼ ይህን ታሪክ ስጀምር «እሱን ዝለይውና ውሸቱን ንገሪን» ይሉኛል። አልዘለውም። መድኃኒቱ ከሌለበት እንደማንኛውም ሰው ውሸት ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤቱ የሚያድረው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። አባቴ ደግሞ ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ባለው መንደራችን የሚያርስ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲያስታርቅ ብዙ አይናገርም። ሁለቱንም ወገን እስኪደክማቸው ድረስ ያስወራቸውና «በሉ አሁን ውሃ ጠጡ» ይላቸዋል። ውሃውን ከአንድ ጣሳ ይጠጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚያጣላ ነገር አይቀራቸውም ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ በነበረው መኸር ልቡ መጋለብ ጀመረ። ቃሉ የራሱ ነው። «ልቤ ጋለበ» ይልና ካለበት ቁጭ ይላል። ፊቱ አመድ ይለብሳል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከዚያ እንደ አመጣጡ ይተወዋል። ታናሽ እህቱ፣ ክርስቲያን አግብታ እዚያው ዳገቱ ላይ የምትኖረው አክስቴ፣ ጠበል አምጥታ ረጨችው፤ እሱም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። በእኛ አገር በሕመም ጊዜ የማን ጸሎት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዱዓም ተደረገለት። ልቡ ግን ጠበሉንም ዱዓውንም አልሰማ አለ። አንድ ቀን እርፍ እንደጨበጠ እርሻው መሀል ሲወድቅ፣ በል እንግዲህ ብዬ ይዤው ወደ ደሴ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘነው ሐኪም ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነበር። ሳየው ተስፋ ቆረጥኩ። የአባቴ ደረት፣ እጅና እግር ላይ ሽቦ አሰሩና የልቡን አመታት ረጅም ወረቀት ላይ አወጡት። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠጋ። ስለ ሽማግሌ ሕመም ከሽማግሌው ከራሱ ጋር የሚነጋገር ሐኪም ያየሁት ያኔ ነው፤ ሌሎቹ የሚያወሩት ከእኔ ጋር ነበር። ቀስ በቀስ ወደድኩት።

«ልብ የራሱ መብራት ኃይል አለው» አለ ሐኪሙ። «ከላይኛው ክፍል ትእዛዝ ይነሳል፤ በተዘረጋለት መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ክፍል ትእዛዙ ሲደርሰው ተጨምቆ ደሙን ይገፋል። የእርስዎ ልብ ታችኛው ክፍል ውስጥ ግን አንድ ሥፍራ አለ፤ ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ያዛል። ጋለበ የሚሉት ያን ጊዜ ነው።»

«ሹም በዛበት በለኛ» አለ አባቴ።

ሐኪሙ መጀመሪያ በሩን አየ፤ ከዚያ ሳቀ።

የሚሰጠው መድኃኒት ፕሮካይናማይድ ይባላል። ሐኪሙ እንዳስረዳን መድኃኒቱ ትእዛዙ በመስመሩ ላይ የሚሮጥበትን ፍጥነት ቀነስ ያደርጋል፤ ያለ ፈቃድ የሚያዘውንም ሥፍራ ያረጋጋል። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ። «መድኃኒቱ ጉበት ሲደርስ ከፊሉ ተለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል። ይሄ ሌላው ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ እሱም ልብ ላይ ይሠራል። ሥራው ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ትእዛዙን እምብዛም አያዘገይም፤ ልብ አንዴ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው እስኪዘጋጅ የሚያርፍበትን ጊዜ ነው የሚያስረዝመው። በልኩ ሲሆን ደግ ነው። ሲጠራቀም ግን እረፍቱ ከልክ ያልፍና ልብ ይደናገራል፤ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ዋናው መድኃኒት ቶሎ ይሄዳል። ይሄኛው ይቆያል። የሚወጣውም በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።»

አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እንግዳው ሄዶ በቅሎዋ ግቢ ቀረች ማለት ነዋ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንደዚያ ነው። እኔ ራሴ ከዚህ በኋላ እንደዚያ ነው የማስረዳው» አለ። ደም ውስጥ ምን ያህል እንደተጠራቀመ የሚለኩበት መሣሪያ እንደሌላቸው ነገረን። ያላቸው ያው ወረቀቱ ነው። በየጊዜው እየመጣን የልቡን አመታት በወረቀት ማስነሳት፣ የመስመሩ ርዝመት መጨመር አለመጨመሩን ማሳየት ነበረብን። እኔንም የእጁን ሥር ይዞ ምቱን ማዳመጥ አስተማረኝ።

አባቴን ወደ ዳገቱ አልመለስኩትም። ጓሮዬ ያለችውን ክፍል አጸዳሁለት። መድኃኒቱን ባለቤቴ ከአዲስ አበባ እየገዛ ያመጣል፤ አባቴም ከሰላቱ ጋር አስሮ ሳያዛንፍ ይውጠዋል። ልቡ መጋለቡን ተወ። ማለዳ ማለዳ ወደ ሐይቁ ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲጎትቱ ያያል፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ወጥተው ወደ ገበያ ከሚመጡ መነኮሳት ጋር ስለ ዝናብ ይነጋገራል። ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ እንደገና ሰው ሆነልኝ፣ ልቡ ተኛ፣ እኔም ተኛሁ።

እሱን ግን በቅሎዋ አላስተኛችውም። ነገሩን በገባው ልክ ሲያስበው፣ እያንዳንዱ ክኒን ይሄዳል፣ እያንዳንዱ በቅሎውን ትቶ ይሄዳል። ምሳ ሲበላ በድንገት ያቆምና ሆዱን ዳበስ አድርጎ «ስንት ይሆኑ ይሆን እስካሁን?» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። «አባዬ፣ ሐኪሙ ወረቀቱ ደህና ነው ብሎሃል እኮ» እለዋለሁ። «ወረቀቱ ደጁን እንጂ ግቢውን መች ያያል» ይለኛል።

እንዲህ እንዳለን አክስቴ ለገበያ ወርዳ ስትመጣ በጨርቅ የቋጠረችውን ኮሶ ይዛለት መጣች። ኮሶ ያኔ ዛሬ እንደሚመስላችሁ የሩቅ ነገር አልነበረም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ወራቱን ጠብቆ ይጠጣዋል፤ ሆዱን ጠራርጎ ያወጣለታል። አባቴ ከታመመ ጀምሮ አልጠጣም ነበር። ሁለቱ ወንድምና እህት ተቀምጠው ሲመካከሩ ሰምቻቸዋለሁ። እሷ «ዘመኑን ሙሉ ታጥበህ እንዴት አሁን ትተዋለህ?» ስትለው፣ እሱ «እኔም ይህንኑ ነው ያልኩት» አላት። የሆድ ትል ጉዳይ መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። እሱ ግን ሊያስወጣ ያሰበው በቅሎዎቹን ነበር።

ኮሶ የጠጣ ሰው ደንብ አለው። በባዶ ሆዱ ይጠጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ሻረልኝ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ሰው አያየውም። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ይባላል፤ እንግዳውም «ያሽረው» ብሎ ይመለሳል። ሹም ቢሆን ይመለሳል፤ ባለ ዕዳ የሚፈልግም ይመለሳል። ለዚህም ነው በዚያ ዘመን፣ የቀበሌ ስብሰባ የሰው እድሜ በሚበላበት ዘመን፣ የኮሶ ጠጪው ቁጥር ከትሉ ቁጥር የበለጠው። መሰብሰብ የሰለቸው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሚስቱ ሄዳ «ኮሶ ጠጥቷል» ትላለች። አባቴ ይህን አይወድም ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ከፊት ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ይሰማል። «ያልጠጣሁትን ጠጣሁ አልልም» ይላል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀድሞ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። አጭር፣ ሳል የማያጣው፣ ድምፁ በድምፅ ማጉያ ከተማውን ሁሉ ያዳረሰ ሰው ነው። አልወደውም ነበር፤ ዛሬም ወደድኩት አልልም። አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አንድ ልጁን ከገበያ መሀል ለውትድርና ሲወስዱበት፣ ልጁ የቱ እንደሆነ በጣቱ ያሳየው ይህ ሊቀመንበር ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ስብሰባ ይመጣል፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል።

አባቴ ኮሶውን የጠጣው እሑድ ጠዋት ነው፤ የዚያኑ ቀን ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ሆኖ ሰውን ቃኘና አንዱን ጠየቀ፤ ኮሶ ጠጥቷል ተባለ። ሌላውን ጠየቀ፤ ኮሶ። ሦስተኛዋ ሴት ገና አፏን ስትከፍት አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህርት፣ ሽማግሌውስ የት አሉ? ዛሬ ስለ መዋጮው እንዲናገሩ እፈልጋቸው ነበር።»

«ኮሶ ጠጥቷል» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ራሴ ሳላስበው ፈገግ አልኩ መሰለኝ። የሊቀመንበሩ ፊት ቀላ። «ዛሬ የኮሶ ማህበር ነው እንዴ የጠራሁት?» አለ። «ሽማግሌውም እንደዚህ ከሆኑ ነገ ማንን ልሰብስብ ነው? እስቲ እናያለን።» ከመድረኩ ወርዶ ወጣ። እኔም ቆጣ ቆጣ እያልኩ ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ ሰደብኩት ማለት ይቻላል፤ እሱ እየሳለ ይሄዳል።

ጓሮ ስንደርስ በሩ ላይ ቆምኩበት። «ኮሶ የጠጣ ሰው ላይ አይገባም። እናትህ አላስተማረችህም?»

«ሽማግሌው! ከጠጡ ከውስጥ ሆነው ይመልሱልኝ» አለ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ። ከውስጥ መልስ የለም። እኔ አባቴ ንቆት ያልመለሰለት መሰለኝና ደስ አለኝ። እሱ ደግሞ ባዶ ቤት ነው አለና በትከሻው ገፍቶ በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው።

አባቴ መሬት ላይ ነበር። አልጋው ሥር፣ በአንድ ጎኑ፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጁን ያዝኩ። ምቱ አለ፤ ከዚያ ይጠፋል፤ በጣም ከቆየ በኋላ የተያዘ ወፍ እንደሚፈራገጥ ይርገበገብና እንደገና ይጠፋል። አባዬ አልኩት። ዓይኑ ተከፈተ፣ አላየኝም። ከዚያ በኋላ የጮህኩ ይመስለኛል።

ሊቀመንበሩ የካኪ ኮቱን አወለቀ፤ ኮሶው ያደረገውን ሁሉ እያየ፣ ሳይጸየፍ፣ አባቴን በኮቱ ጠቀለለውና አዘለው። ያን የሚያህል ረጅም ሰው በዚያ አጭር ጀርባ ላይ እግሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። እየሮጠ አስፋልቱ ላይ ደረሰ። ከወልዲያ የሚመጣውን አውቶቡስ መንገዱ መሀል ቆሞ አስቆመው። ሾፌሩ ሞልቷል ሲለው ባለ ሥልጣን የሆነበትን ድምፅ አወጣ፤ ከፊት ያሉት ተነሱ። ያንን ድምፅ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። እስከ ደሴ ድረስ የአባቴን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ እኔ የእጁን ሥር ይዣለሁ። ምቱ በጠፋ ቁጥር ሊቀመንበሩን አየዋለሁ፤ እሱም «አለ?» ይለኛል። «አለ» እለዋለሁ፣ ሳላውቅም።

ሐኪሙ ሽቦውን አሰረና ወረቀቱን አወጣ። ቀድሞ ያሳየን መስመር ተለጥጦ፣ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሀል ያለው እረፍት ረዝሞ፣ አልፎ አልፎም መስመሩ ተጠማዞ ተዘበራርቆ ነበር። ግሉኮስ ተሰቀለ፣ መርፌ ተሰጠ፣ ክኒኑ ቆመ። እኔና ሊቀመንበሩ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። የአባቴን ጫማ በእጁ እንደያዘ ነው።

«እውነትም ጠጥተው ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ።

«አባቴ ዋሽቶ አያውቅም።»

«እኔ ግን ሊያታልሉኝ ነው ብዬ ነው የሰበርኩት» አለ። «አምኛቸው ቢሆንማ ኖሮ ተመልሼ እሄድ ነበር።» ከዚያ ጫማውን እያገላበጠ ማየት ጀመረ። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ጨዋ ሰው መጥቶ ቢሆን አባቴ ይሞት ነበር።

በማግስቱ አባቴ ዓይኑ ሰው ለየ። ሐኪሙ አጠገቡ ተቀምጦ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ ጠየቀው። አባቴ ሳያፍር ነገረው። «አንተው አይደለህ ልጄ፣ የሄደው ሄዶ የሚቀረው ይጠራቀማል ያልከኝ? እኔም ተጠራቀመ ብዬ አጠብኩት።»

ሐኪሙ ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አባቴ፣ ነገሩን ከነገርኳቸው ሁሉ እንደ እርስዎ የገባው የለም» አለ። «ያልነገርኩዎት እኔ ነኝ። በቅሎዋ የምትወጣው በሆድ በር አይደለም፤ በሽንት በር ነው። ኮሶው ውሃዎን ሁሉ በሌላ በኩል አፈሰሰው፤ ልብ የሚፈልገውን ጨው ይዞ ሄደ። ኩላሊትዎ የሚሠራበት ውሃ አጣ። ክኒኑን ደግሞ አላቋረጡም። ሊያስወጧት ፈልገው የምትወጣበትን በር ዘጉባት።»

አባቴ ፊቱን ወደ ሐኪሙ አዞረ። «በምንድን ነው ታዲያ የምትወጣው?»

«በውሃ። ቀስ እያለች።»

ክኒኑ ተቀነሰለት፣ በክኒንና ክኒን መሀል ያለው ጊዜም ተራዘመ። የማያገረሽ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ልቡ ትንሽ ይጋልባል፤ ግን መኖር ይቻላል ብሎ ሐኪሙ ነገረን። እንዳይደነግጥ፣ እንዳይጠማው ብሎም አስጠነቀቀኝ። ቤት ስንመለስ አባቴ የቲማቲም ጣሳ አጥቦ የራሱ አደረገ፤ ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጣል። የሰፈሩ ልጆች «የሐይቅ ዓሣ» አሉት። ደስ ይለዋል። ሊቀመንበሩ አልፎ አልፎ ያንን በር ሊጠግን በሚል ሰበብ ይመጣና አጠገቡ ቁጭ ይላል። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፤ እኔ እሱ ሲመጣ ሥራ ይበዛብኛል። አጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታችንም እሱን ሲያይ ወደ ቤቱ ይገባል።

ዓመታት አለፉ፤ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። መንግሥቱ የወደቀ ሰሞን ወታደሮች ጠመንጃቸውን ዳር እየጣሉ በአስፋልቱ ላይ ወደ ደሴ ያልፉ ነበር፤ አዲሶቹ ደግሞ ገና ከተማውን በወጉ አልያዙም። በመሀል ሹም የሌለባቸው ቀናት ነበሩ። እኔ የማስበው ስለ አባቴ ልብ ብቻ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባለቤቴ መድኃኒት ማምጣት አልቻለም፤ የቀሩትን ክኒኖች ለሁለት እየከፈልኩ እሰጠዋለሁ። ተኩስ በተሰማ ቁጥር እጁን እይዛለሁ። አንድ ድንጋጤ ትበቃዋለች እያልኩ እፈራለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ በታችኛው አጥር ዘሎ ጓሮ ገባ። ሱሪው ተቀድዷል፣ እየሳለ ነው። አባቴ ከዛፉ ሥር ተነሳ፤ ምንም ሳይጠይቅ የራሱን ክፍል በር ከፈተለትና መልሶ ዘጋው።

«አስወጣው አባዬ» አልኩት። «የስንቱን ልጅ ያስወሰደ ሰው ነው። ጎረቤታችን ሲያለቅስ በአጥሩ በኩል አልሰማኸውም?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አገባን? ስለተሸከመህ ነው? እኔም አመሰግናለሁ፣ ግን ያዘለህ ጀርባ የሰው ልጅ አልመለሰም።»

«ይጠየቃል ልጄ። መጠየቅ አለበት። የሚጠይቅ ሲመጣ እኔው እጁን ይዤ አስረክበዋለሁ» አለ። እንዳለውም አደረገ፤ በኋላ ሰውየው ታስሮ ተጠይቋል። «ዛሬ ግን የሚጠይቀው የለም፣ የሚገድለው እንጂ። እንግዳው፣ ደርጉ፣ ሄዷል፤ ይሄ በቅሎው ነው። በኮሶ አስወጣለሁ ብዬ ልሞት ነበር፣ አንቺ ታውቂያለሽ። የቀረ ነገር የሚወጣው በውሃ ነው፤ ቀስ እያለ።»

ወዲያው ሰዎቹ መጡ። ዱላ የያዙ ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ከመንገድ ያነሳው ጠመንጃ አለው። ከፊታቸው ጎረቤታችን ነበር። አባቴ የክፍሉን መቃን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኔ ከደረቱ አልተነሳም።

«ወዲህ ሲሮጥ ታይቷል» አለ ጎረቤታችን። «ውስጥ ማን አለ?»

«ኮሶ የጠጣ ሰው አለ» አለ አባቴ።

ዱላ የያዙት እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ ያልጠጡትን ጠጣን የሚሉትን እንዴት እንደሚጠላ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ማን ነው የጠጣው?»

«እንግዳዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ይዞታል።»

ያኔ ከውስጥ ሳል ተሰማ። ያንን ሳል ዓመታት ሙሉ በድምፅ ማጉያ ሰምተነዋል፤ ማንንም ሊያታልል አይችልም። ጎረቤታችን ሰማው። አባቴን አየው፤ አባቴም እሱን አየው። የሰውየው ዓይን እንባ ሞላ፤ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ የአባቴ ልብ አሁን ይቆማል ብዬ እጠብቃለሁ።

«ኮሶ ከባድ ነው» አለ ጎረቤታችን።

«ከባድ ነው» አለ አባቴ።

«ምንድን ነው የምትጠብቁት? እንግባ እንጂ» አለ ጠመንጃ የያዘው ወጣት። ጎረቤታችን ሳይዞር እጁን ዘርግቶ ከለከለው። «ኮሶ የጠጣ ሰው ላይ አይገባም። ያሽረው» አለና ዞሮ ሄደ። ሌሎቹ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተከተሉት።

አባቴ መቃኑን እንደያዘ ነበር። ሮጬ እጁን ያዝኩ። ልቡ አልጋለበም። ሸክሙን አራግፎ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሰው ደከም ብሎ፣ ግን ሳይሳሳት ይሄዳል።

«ውሃ አምጪ» አለኝ። «ሁለት ጣሳ።»

አመጣሁ። አንዱን ራሱ ይዞ ወደ ክፍሉ አመራ። ሌላውን አባቴ እንዲጠጣው ትቼለት ልሄድ ስል ከበሩ ዞረና «እሱን አጥሩን ተሻግረሽ ለጎረቤታችን ውሰጂለት» አለኝ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጣሳውን ስሰጠው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። እስኪጨርሰው ቆሜ ጠበቅሁ። ባዶውን ጣሳ መለሰልኝና በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

«ሻረው?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።